አራስ ስትጠይቁ የሕፃኑን ምላስ እዩ

አራስ ልንጠይቅ ስንገባ ሕፃኑን ገልጠን «አባቱን ይመስላል፣ እናቱን ይመስላል» እንላለን። ከንፈሩ ጠቆር ብሎ ብናይ ግን «ብርድ ነው፣ ሸፍኑት» እንልና ገንፏችንን በልተን እንወጣለን። ዛሬ ስለዚያ ጥቁረት ላወያያችሁ እወዳለሁ።

ሕፃን በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም። ስለዚህ ወደ ሳንባ ከሚወስደው የደም ቧንቧ ወደ ዋናው የደም ቧንቧ የምታሻግር አንዲት አጭር ቱቦ አለችው። ከተወለደ በኋላ ስለማታስፈልገው በጥቂት ቀናት ውስጥ ትዘጋለች። ነገር ግን ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ የልብ ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከልብ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ የተዘጋባቸው ናቸው። ለእነርሱ ያቺ ቱቦ ዋነኛ መተላለፊያ ናት። ሲወለድ ደህና የመሰለ ሕፃን ከቀናት በኋላ የሚጠቁረው እርሷ ስትዘጋ ነው።

ታዲያ ሐኪሞች ምን ያደርጋሉ? በመጀመሪያ ፕሮስታግላንዲን የተባለ መድኃኒት በደም ሥር እየሰጡ ቱቦዋን ክፍት ያቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ1944 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ዶክተር አልፍሬድ ብሌሎክ፣ ዶክተር ሔለን ታውሲግና ቪቪየን ቶማስ ሌላ መተላለፊያ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና አስጀመሩ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ደረት ሳይከፈት ስቴንት ማስገባት ተችሏል። ስቴንት ከብረት የተሠራች ትንሽ መረብ ናት፤ ስፋቷ ብዙውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በብሽሽት ወይም በአንገት በኩል በቀጭን ቱቦ ተመርታ ትገባለች፤ በውስጧ ያለው ፊኛ ሲነፋ ትሰፋና መተላለፊያውን ደግፋ ትይዛለች። ሆኖም የመጨረሻው ሕክምና አይደለችም። ሕፃኑ ለዋናው ቀዶ ሕክምና እስኪጠነክር ድረስ ታቆየዋለች።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልጆች የልብ ማዕከል ተከፍቷል። እንዲህ ያለው ሕክምና ግን በየሆስፒታሉ አይገኝም። በጊዜ መድረስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እናቶች ሆይ፣ የእጅና የእግር መጥቆር በአራስ ሊያጋጥም ይችላል፤ ምላስና ድድ ግን ሰማያዊ መሆን የለባቸውም። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ጡት ሲጠባ የሚደክመውና ግንባሩን የሚያልበው ሕፃን ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊትም በእግሩ ላይ በሚደረግ መሣሪያ የኦክስጅን መጠኑ እንዲለካ ጠይቁ።

ባልና ሚስት ሆይ፣ «በእናንተ ወገን ነው» እየተባባላችሁ አትቋሰሉ። ልብ የሚሠራው በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ነው፤ ከብዙዎቹ ጉድለቶች በስተጀርባም የታወቀ ምክንያት አይገኝም። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ማን በደለ?» ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታ ወላጆቹን አልኮነነም።

«ጥቂት ቀን ጸልየን እንየው» የምትሉም አትጠፉም። መጸለይስ ጸልዩ፤ ነገር ግን ሕፃኑን ታቅፋችሁ፣ ወደ ሆስፒታል በሚወስዳችሁ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ጸልዩ።