ከማሳ የወጣው ወደ ማሳ ይመለስ፦ ዛፍ፣ ምድጃና የአፈር ጤና



ዛሬ የምናገረው ስለ አፈር ጤናና ዛፍን ከሰብል ጋር አጣምሮ ስለማልማት፣ ማለትም ስለ ጥምር የደን እርሻ ነው። ርእሱ ሰፊ በመሆኑ በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ አተኩራለሁ፦ በየዓመቱ ከማሳው የሚወጣው ምን ያህል ነው? የሚመለስለትስ? በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የዛፍ ትልቁ ጥቅም የሚገለጠው በዚህ የወጪና ገቢ ሒሳብ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሜ ጤናማ አፈር ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ላብራራ። አፈር የማዕድን ቅንጣቶች ክምችት ብቻ አይደለም፤ የዕፀዋትና የእንስሳት ብስባሽ፣ አየር፣ ውሃና ስፍር ቁጥር የሌላቸው ረቂቅ ሕያዋን አብረው የሚገኙበት ነው። ብስባሹ ቅንጣቶቹን አያይዞ ከጎርፍ ይጠብቃቸዋል፤ የዝናቡን ውሃ ይዞ ያቆያል፤ ንጥረ ነገሮችንም ቀስ በቀስ ለሥር ይለቃል። ከማዳበሪያ ከረጢት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እናገኛለን፤ ብስባሽ ግን አናገኝም። ብስባሹ በተመናመነበት መሬት ላይ የተጨመረ ማዳበሪያ ደግሞ ከፊሉ በጎርፍ ይታጠባል ወይም ወደ ታች ሰርጎ ይባክናል።

ታዲያ ይህ ብስባሽ ወዴት ይሄዳል? ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ ገለባው ለከብት መኖና ለግድግዳ ምርጊት፣ አገዳው ለማገዶ ይውላል። በማሳው የቀረውን ልቅ ግጦሽ ይጨርሰዋል። ከብቶቹ የበሉት በፍግ መልክ ሊመለስ ይችል ነበር፤ ነገር ግን እንጨት በጠፋበት አገር ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ኩበት ሲነድድ ካርቦኑና ናይትሮጅኑ በአመዛኙ ከጭሱ ጋር ይሄዳሉ። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱ ግን ብዙውን ጊዜ ከጓሮ አያልፍም። የጓሮው መሬት ጠቁሮና ለምቶ ራቅ ያለው ማሳ የሚገረጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ገበሬው ይህን የሚያደርገው የፍግን ጥቅም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የዛሬው እንጀራ መጋገር ስላለበት ነው። ስለዚህ የአፈርን ችግር በማሳ ላይ ብቻ ስንፈልግ መነሻውን፣ ማለትም ምድጃውን፣ እንስተዋለን።

ዛፍ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው ማገዶ ነው። በድንበር፣ በቦረቦርና ለእርሻ በማይመች ተዳፋት ላይ የበቀለ ዛፍ ኩበቱን ተክቶ ሲነድድ ፍጉ ለማሳው ይተርፋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን የማገዶ እጥረት ያቃለለው ቶሎ ስለሚያድግና ተቆርጦ ስለሚያቆጠቁጥ ነው። ይሁን እንጂ በሰብል ማሳ ጠርዝ ሲተከል ውሃና ንጥረ ነገር ይሻማል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ጠላት ነው ወይስ ወዳጅ ከማለት ይልቅ የት ይተከል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው በር ማሳው ራሱ ነው። በቢሾፍቱና በሞጆ አካባቢ በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ ተበታትኖ የሚታየው ገርቢ የሚባለው የግራር ዓይነት የተለየ ጠባይ አለው። ሌሎች ዛፎች በሚለመልሙበት በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ደግሞ ይለመልማል። በመሆኑም ሰብሉ ፀሐይ በሚፈልግበት ወቅት ጥላ አይጥልበትም። የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል። በበጋ ከብቶች ፍሬውን እየበሉ ከጥላው ሥር ሲያርፉ ፍጋቸውን እዚያው ይተዋሉ። ከጥራጥሬ ወገን በመሆኑም በሥሩ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል። በሌሎች የአገራችን አካባቢዎችም ገበሬዎች ብሳናንና ዋንዛን በማሳቸው መካከል ያቆያሉ፤ የብሳና ቅጠል ቶሎ ስለሚበሰብስ ለአፈሩ ይጠቅማል።

ዛፍ ሁሉ ግን በራሱ አፈርን ያድናል ማለት አይደለም። በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች ደከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በአሲዳማ መሬት ላይ ያለማሉ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያበቅላሉ፤ ቀጥሎ ሣሩን ለመኖ ያጭዳሉ፤ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ሲሞላው ዛፉን ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ ከዚያም መሬቱን መልሰው ያርሳሉ። መሬቱ ከማረሻ ያርፋል፣ ናይትሮጅን ያገኛል፣ ቤተሰቡም ገንዘብ ይይዛል። ሆኖም ከሰል ተብሎ የሚወጣው ያው የማሳው ሀብት ነው፤ ቅጠሉና ጭራሮው እዚያው ካልቀረ ሒሳቡ እንደገና ይጎድላል። በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ መመሥረትም አደጋ እንዳለው በቅርብ ዓመታት በአካባቢው የተከሰተው የዛፉ ዝገት በሽታ አሳይቷል።

ለዚህ ተቃራኒ ምሳሌ የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ነው። በዚያ ትልልቅ ዛፎች፣ እንሰትና ቡና በደርብ ይኖራሉ። ቅጠል ስለሚረግፍበት መሬቱ ራቁቱን አይቀርም፤ በተዳፋትም ላይ አፈሩ ይያዛል። ይህን እንዳለ ወደ ጤፍ አገር ማዛወር አይቻልም፤ ጤፍ ፀሐይ ይፈልጋልና። መርሑን ግን መውሰድ ይቻላል፦ መሬትን መሸፈን፣ ዝርያን ማብዛት፣ የረገፈውን መተው።

መሬቱ ጠባብ ለሆነበት ገበሬ ዛፍ ቦታ ይሻማል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞው ተገቢ ነው። ቅርንጫፍ መመልመል፣ ድንበርን መጠቀምና ልቅ ግጦሽን በጋራ ስምምነት መግታት ጫናውን ያቀልላሉ። የመጨረሻው መፍትሔ ግን የመንደሩን ሁሉ ስምምነት ይጠይቃል፤ አንድ ሰው ብቻውን ያጠረው ችግኝ በጎረቤት ከብት ይበላልና።

ለተማሪዎቻችን አንድ አደራ አለኝ። የአንድን ዛፍ ጥቅም ስታጠኑ ከጥላው ሥር ያለውን ምርት ብቻ አትመዝኑ። ቤተሰቡ ምን እንደሚያነድድ፣ ፍጉ የት እንደሚደርስ፣ ማገዶ ለመልቀም ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ጠይቁ፤ የዛፉ ጥቅም ራቅ ባለ ማሳ ላይ ሊገለጥ ይችላልና። በተከላ ቀን የሚቆጠረው ችግኝ መልካም ጅምር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የጸደቀውን ቆጥረን፣ በምድጃው ላይ የሚነድደው እንጨት ነው ወይስ ኩበት ብለን ካልጠየቅን፣ አፈሩ መዳኑን አላወቅንም።