አውራቂስ፦ በሐዋርያት ሥራ የተጻፈው የመርከበኞች ቃል



ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም የተጓዘበትን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ስናነብ ብዙዎቻችን ሳንመረምረው የምናልፈው አንድ ስም አለ፤ ይኸውም በቍጥር 14 የተጻፈው «አውራቂስ» ነው። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ነፋሱን «የሚሉት» ብሎ መጥራቱን ልብ ይሏል። አብሮ ተሳፍሮ ነበርና ከመርከበኞቹ አፍ የሰማውን ስም እንዳለ ጻፈልን።

ቃሉ ከሁለት ቋንቋ የተሰፋ ነው። በጥንታውያን የግሪክ ቅጂዎች «ኤውራኪሎን» ይባላል፤ «ኤውሮስ» በግሪክ የምሥራቅ ነፋስ፣ «አኲሎ» በላቲን የሰሜን ነፋስ ነው። የሁለቱ ቋንቋ ተናጋሪዎች በአንድ መርከብ ሲሠሩ የተወለደ መሆኑ ያስታውቃል። በሰሜን አፍሪካ ቱጋ በተባለች ጥንታዊት ከተማ የ12 ነፋሳት ስም በክብ በተቀረጸበት የድንጋይ ንጣፍ ላይም ይኸው ስም ይገኛል። (መጽሐፈ ሄኖክን የሚያነብ በምዕራፍ 76 ያሉትን 12 የነፋሳት በሮች ማስታወሱ አይቀርም።)

አቅጣጫው ለምን አስፈለገ? ቅዱስ ጳውሎስ ጉዞው ጥፋት እንዳለበት አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር። የመቶ አለቃው ዩልዮስ ግን የመርከቡን መሪና ባለቤቱን አመነ፤ ልከኛ የደቡብ ነፋስም አታለላቸው። ወዲያው ከቀርጤስ ደሴት አውራቂስ ወረደባቸው። በቀድሞው አነጋገር ከመስዕ፣ ማለትም ከሰሜን ምሥራቅ፣ የሚነሣ ነፋስ ወደ ሊባ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይገፋል። ከቀርጤስ በሊባ በኩል ደግሞ በሊቢያ ጠረፍ ስርቲስ አለ፤ መርከብ የሚውጥ የአሸዋ ደለል ያለበት ባሕረ ሰላጤ ነው። መርከቡን በገመድ ያስታጠቁት፣ በቍጥር 17 እንደምናነበው ስርቲስን የፈሩት ስለዚህ ነው። የነፋሱን አቅጣጫ ያላወቀ አንባቢ ያን ያህል ሩቅ የሆነ ስፍራ ለምን እንዳስጨነቃቸው አይገባውም። በ14ኛው ሌሊት ወደ ምድር ቀረቡ፤ መርከቡ ቢሰበርም 276ቱም ሰዎች በመላጥያ ደሴት በደኅና ወጡ። ዛሬም የዚያች ደሴት ሰዎች ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣውን ብርቱ ነፋስ «ግሪጋል» ይሉታል።

በዚሁ ምዕራፍ ቍጥር 12 ሊከርሙበት ያሰቡት ወደብ በግሪኩ የተገለጸው በሁለት ነፋሳት ስም ነው፤ «ሊፕስ» የደቡብ ምዕራብ፣ «ኮሮስ» የሰሜን ምዕራብ። ወደቡ ነፋሳቱ ወደሚመጡበት ነው ወይስ ወደሚሄዱበት የሚመለከተው? በዚህ መተርጕማን ስለሚለያዩ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕሞችም አይስማሙም። አማርኛችን በደጋ ያደገ ቋንቋ በመሆኑ የባሕር ነፋስ ስም ሲገጥመው አውራቂስን እንዳደረገው ድምፁን ይዞ ማለፉ አያስደንቅም። «ሊፕስ» ግን እንግዳችን አይደለም፤ ከላይ የጠቀስነው «ሊባ» ከዚሁ የግሪክ ቃል ወደ ግእዝ የገባ ነው።