ድረ ገጽ መሥራት ዛሬም መማር ያስፈልጋል?

የፈተና ውጤት በኢንተርኔት የሚለቀቅበትን ቀን የማያስታውስ ተማሪ የለም። የመለያ ቁጥሩን ያስገባል፤ ገጹ ይሽከረከራል፤ አልከፈት ይላል፤ እንደገና ይሞክራል። መቶ ሺዎች ባንድ ጊዜ ሲገቡ ሰርቨሩ ይጨናነቃል። ያም ሆኖ ውጤት ለማየት ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ወደ መጋፋት መመለስ የሚፈልግ አይገኝም። የለመዱትን ምቾት መተው ከባድ ነው።

ይህን ምቾት ራሳቸው ለመሥራት የሚማሩ ወጣቶችን ግን አንድ ጥያቄ ያከራክራቸዋል። ዎርድፕሬስና ዊክስ ዝግጁ ገጽ በሚያቀርቡበት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም በትእዛዝ ብቻ ኮድ በሚጽፍበት ጊዜ፣ ከሀ ጀምሮ መማር ለምን? ገሚሱ ተማሪ ጊዜ ማባከን ነው ይላል። ገሚሱ ደግሞ መሠረቱን ያላወቀ ሰው ገጹ ሲበላሽ የት እንደተበላሸ አያውቅም ባይ ነው።

መሠረት የሚባሉት ሦስት ናቸው። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን የምርምር ማዕከል ካቀረበው ሐሳብ የተወለደው ኤችቲኤምኤል የቱ ርዕስ፣ የቱ አንቀጽ እንደሆነ ይናገራል። ሲኤስኤስ መልክ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 ብሬንዳን አይክ የፈጠረው ጃቫስክሪፕት ገጹን ያንቀሳቅሳል።

ለአማርኛ አንባቢ ገጽ የሚሠራ ተማሪ ዘንድ ግን ሚዛን የሚደፋው መሠረቱን ማወቅ ያስፈልጋል የሚሉት ወጣቶች አስተያየት ነው። ዝግጁ ገጾች በአብዛኛው የተነደፉት ለላቲን ፊደል ነው። ርዕሱን በትልልቅ ፊደላት ጻፍ የሚል ትእዛዝ አማርኛ ላይ ምንም አያመጣም፤ የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ ነገር የለውምና። ርዕስ መለየት ያለበት በመጠን፣ በውፍረት ወይም በቀለም ነው። ለእንግሊዝኛ የሚበቃው የመስመር ርቀት ፊደሎቻችንን ያጨናንቃቸዋል፤ በትንሽ መጠን ሲጻፉም «ጨ» እና «ጬ»ን መለየት ዓይን ያደክማል። ይህን ሁሉ በጥቂት የሲኤስኤስ መስመሮች ማስተካከል ይቻላል፤ ለሚያውቅ ሰው።

ፊደላችን እዚህ የደረሰውም በቀላሉ አይደለም። ቀድሞ ገጽ የሚጻፍባቸው ብዙ የአማርኛ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ የያዙ ስለነበሩ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። ዛሬ በአማርኛ መፈለግም፣ መቅዳትም፣ መላክም የተቻለው በዚህ ነው። ይህ ሁሉ ተደክሞበት ሳለ ማስታወቂያን በፎቶ ብቻ መለጠፍ ያሳዝናል። ፎቶ ላይ ያለን ቃል ብዙ ጊዜ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው ሶፍትዌርም ይቸገርበታል።

ፎቶ የኢንተርኔት ጥቅልንም ይበላል። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ ጽሑፍ ማስቀመጫ ዘዴ አንድ የግእዝ ፊደል የሚይዘው 3 ባይት ነው። 10,000 ፊደል ያለው ረጅም ጽሑፍ ገና 30 ኪሎባይት ገደማ ነው ማለት ነው። በስልክ የተነሳና ያልታመቀ የ3 ሜጋባይት ፎቶ የዚህን መቶ እጥፍ ይሆናል። አንባቢው ጥቅሉን በብር እንደሚገዛ የሚያስብ ተማሪ ፎቶውን ሳያሳንስ አይጭንም።

ለመጀመር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራምና ብራውዘር በነፃ ይገኛሉ፤ ኮምፒውተር ያለው ሰው ገጹን ያለ ኢንተርኔትም ሠርቶ ማየት ይችላል። ፍሪኮድካምፕና የሞዚላው ኤምዲኤን ትምህርቱን ያለ ክፍያ ይሰጣሉ፤ እንግሊዝኛው የሚከብደው ተማሪ ግን ብዙ ነውና፣ ቀድሞ የተማረ በአማርኛ ቢያስረዳው ትልቅ ውለታ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ዝግጁውን መሥሪያ ተጠቀሙበት፤ በውስጡ ያለውን ግን ክፈቱና እዩት። የመጀመሪያ ገጻችሁን በአማርኛ ጻፉ፤ ለሰው ከማሳየታችሁ በፊትም በርካሽ ስልክ፣ በደካማ ኔትወርክ ሞክሩት።