በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚነበብ የአየር መዝገብ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው አውራ ጎዳና ወልቂጤን፣ ወደ ሆሳዕና የሚያመራው ደግሞ ቡታጅራን አቋርጦ ያልፋል። የተሽከርካሪ ጭስ የከተሞቹን አየር እየበከለ መሆኑን ለማወቅ የግድ ውድ መሣሪያ ያስፈልገናልን? የመጀመሪያውን ፍንጭ ከዛፍ ቅርፊት ላይ ልናነብ እንችላለን።

በቅርፊትና በድንጋይ ላይ ተለጥፎ የምናየው ግራጫ ወይም አረንጓዴማ ሽፋን ላይከን ይባላል። ፈንገስና አልጌ ተጋግዘው የሚኖሩበት ሕያው ማኅበር ነው። ሥር ስለሌለው ውኃና ምግቡን ከዝናብና ከአየር ይመጥጣል፤ መርዙንም አብሮ። ፊንላንዳዊው ተመራማሪ ኒላንደር እ.ኤ.አ. በ1866 በፓሪስ ይህንኑ ምልክት አስተውሏል። እንደ ጢም የሚንጠለጠሉት ዝርያዎች በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ፈጥነው ይጠፋሉ። አንዳንድ ቢጫ ዝርያዎች ግን ናይትሮጅን በበዛበት ስለሚስፋፉ የላይከን ብዛት ብቻውን የንጹሕ አየር ምስክር አይሆንም።

ስለዚህ በመናኸሪያ አጠገብ የቆሙትን ዛፎች፣ የጉራጌ መንደሮች ሰፊ የሣር ጎዳና በሆነው ጀፎረ ዳር ካሉት ተመሳሳይ ዛፎች ጋር በእኩል ከፍታ እናነጻጽር። ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን ስለሚጥል አይመረጥም፤ ወይራ ይሻላል። ድርቀትና ጥላም ለውጥ ስለሚያመጡ አንድ ዛፍ አይበቃም። አንጋፋው ዛፍ ሳናየው ከተቆረጠ ግን የብዙ ዓመታት መዝገብ አብሮት ይጠፋል።