የማለፊያ ነጥብ ከፍ ማለትና የወላጆች ጥያቄ

አንድ ሀገር አቀፍ ፈተና ከታረመ በኋላ የሚነሡት ጥያቄዎች እንደ ጠያቂው ይለያያሉ። ዕቅድ አውጪው ስንት ተማሪ ወደ ከፍተኛ ትምህርት እንደሚገባ ይጠይቃል፤ መምህሩ የትኛው የትምህርት ክፍል ለተማሪዎቹ እንዳልገባቸው ማወቅ ይሻል። የወላጅ ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ «ልጄ አለፈ ወይስ ወደቀ?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ይመስላል። ይሁን እንጂ የማለፊያው መስመር ራሱ ከነበረበት በተነሣ ጊዜ «አለፈ» እና «ወደቀ» የሚሉት ቃላት የቀድሞ ትርጉማቸውን አይዙም። ይህን በጊዜውና በሚገባ ቋንቋ ያልተነገረው ወላጅ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ በልጁ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ በፈተናው ላይ እምነት ያጣል። ሁለቱም ለትምህርት ሥራ ጎጂ ናቸው።

ሀ. በ12ኛ ክፍል ፈተና የተለወጠው ምንድን ነው?

ከ2014 ዓ. ም. ተፈታኞች በፊት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ይወሰን የነበረው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ፣ የተቋማቱ የመቀበል አቅም ታይቶ ነበር። በዚህም ምክንያት ነጥቡ ከዓመት ዓመት ከፍና ዝቅ ይል ነበር። ለ2014 ዓ. ም. ተፈታኞች ግን ሁለት ለውጦች በአንድ ላይ መጡ። የመጀመሪያው የአፈታተን ለውጥ ነው። የፈተናን መሰረቅና መኮራረጅን ለመከላከል ተማሪዎቹ በጥቅምት ወር 2015 ዓ. ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው፣ እዚያው እያደሩ ተፈተኑ። ሁለተኛው የመስመር ለውጥ ነው። በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከጠቅላላው ነጥብ ቢያንስ 50 ከመቶ ማግኘት ግዴታ ሆነ።

ውጤቱ በጥር ወር 2015 ዓ. ም. ሲገለጽ ከ896,520 ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ወይም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ. ም. ከ845,188 ተፈታኞች 27,267፣ በ2016 ዓ. ም. ደግሞ ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፤ ይህም እንደ ቅደም ተከተሉ 3.2 እና 5.4 ከመቶ ነው። በ2017 ዓ. ም. ድርሻው ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል።

እነዚህን ቁጥሮች ለወላጅ ከማቅረብ በፊት ሁለቱን ለውጦች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የአፈታተኑ ለውጥ የሚነካው ተማሪው የሚያገኘውን ነጥብ ነው፤ የሰው መልስ የገለበጠ ተማሪ በራሱ ሲሠራ ነጥቡ ይቀንሳል። የመስመሩ ለውጥ ግን ነጥቡን አይነካም፤ የሚነካው የነጥቡን ትርጉም ነው። አንድ ተማሪ 44 ከመቶ ካገኘ መስመሩ 40 ላይ ቢሆን ያልፋል፣ 50 ላይ ቢሆን አያልፍም፤ የሚያውቀው ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ነው።

ለ. መስመሩ ሲነሣ እውቀት አይወርድም

ይህ ነጥብ ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ የአሜሪካ ኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የክፍለ ሀገሩ የትምህርት ባለሥልጣኖች ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚሰጠውን ፈተና «ብቁ» የሚያሰኘውን ነጥብ ከፍ አደረጉ። ምክንያታቸውም በቀድሞው መስመር «ብቁ» የተባሉ ብዙ ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ትምህርቱ ይከብዳቸው እንደ ነበር በጥናት በመታየቱ ነው። በውሳኔው መሠረት በእንግሊዝኛ «ብቁ» የተባሉት ድርሻ በአንድ ዓመት ከ77 ወደ 53 ከመቶ፣ በሒሳብ ደግሞ ከ86 ወደ 61 ከመቶ ወረደ።

ልጆቹ በአንድ ዓመት ውስጥ የተማሩትን አልረሱም፤ የወረደው የ«ብቁ» ትርጉም ሲጠብቅ የተገኘው ድርሻ ነው። ለትምህርት ሰዎች ትልቁ ትምህርት ግን የጊዜው ጉዳይ ነው። ፈተናው በጸደይ ከተሰጠ በኋላ አዲሱ መስመር የጸናው በሐምሌ ነበር። ልጁ ባለፈው ዓመት «ብቁ» ተብሎ የነበረ ወላጅ፣ አዲሱን ስም የሰማው ከውጤቱ ጋር ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰጥ ማብራሪያ፣ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ እንደ ማስተባበያ ይቈጠራል።

ሐ. 50 ከመቶ ምን ያህል ነው?

ብዙ ወላጆች 50 ከመቶ ማለት የትምህርቱን ግማሽ ማወቅ ነው ብለው ይገምታሉ። የፈተናው ዐይነት ሲታሰብ ግን ነገሩ ከዚህ ይለያል። ጥያቄዎቹ ምርጫ ያላቸው ናቸው። አንድ ጥያቄ አራት አማራጭ ካለው፣ ምንም የማያውቅ ተማሪ በግምት ብቻ ከአራቱ አንዱን ሊያገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ከ100 ጥያቄ በአማካይ 25 ያህሉን ያለ እውቀት መመለስ ይቻላል።

በዚህ ስሌት 33 ጥያቄ በእርግጥ የሚያውቅና የቀሩትን 67 የሚገምት ተማሪ፣ ከግምቱ 17 ያህል አግኝቶ 50 ይደርሳል። 13 ጥያቄ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ደግሞ ከቀሩት 87 ውስጥ 22 ያህሉን በግምት አግኝቶ 35 ያመጣል። ስሌቱ ሁሉንም ተማሪ በትክክል አይገልጽም፤ በከፊል የሚያውቅና የተሳሳተውን አማራጭ ማስወገድ የሚችል ተማሪ ይኖራልና። ይሁን እንጂ ወላጅ «50 ለምን በዛ?» ብሎ ሲጠይቅ ተገቢው መልስ በዚህ ውስጥ ይገኛል።

በሌላ በኩል 49 ያገኘውና 51 ያገኘው ተማሪ በእውቀት ይለያያሉ ማለት አይቻልም። የሁለት ነጥብ ልዩነት በአንድ ማለዳ ድካም ወይም በጥቂት የግምት መልሶች ሊመጣ ይችላል። መስመሩ የእውቀት ወሰን ሳይሆን የውሳኔ ወሰን መሆኑን መምህሩ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱ ሊረዳው ይገባል።

መ. የካርዱ ደረጃና የሀገር አቀፉ ነጥብ

የወላጅን ድንጋጤ የሚያብሰው ግን ከዚህም የቀረበ ምክንያት ነው። ወላጅ ልጁን ለዓመታት የሚያውቀው በካርድ ነው። በካርዱ ላይ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ደረጃ ነው፤ «3ኛ ወጣ»፣ «5ኛ ወጣች» የሚለው ነው። ደረጃ ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ መካከል የት እንደ ቆመ ይናገራል፤ ክፍሉ በሙሉ ከሚጠበቀው ትምህርት ምን ያህሉን እንደ ያዘ ግን አይናገርም። በደካማ ክፍል 3ኛ የወጣ ልጅ በሀገር አቀፍ ፈተና 38 ከመቶ ቢያመጣ ሁለቱ ማስረጃዎች አይጣረሱም፤ የመለሱት ጥያቄ የተለያየ ነውና።

ድክመቱ መስመሩ ሲነሣ የተፈጠረ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። በ1992፣ በ1996 እና በ2000 ዓ. ም. በ4ኛና በ8ኛ ክፍል የተካሄዱት የሀገር አቀፍ የትምህርት ምዘናዎች አማካይ ውጤት በሁሉም ጊዜ ከ50 ከመቶ በታች ነበር። በጥናት ሰነዶች ውስጥ የታወቀው ነገር ወደ ወላጅ ቤት ሳይደርስ ቀርቶ ነበር ማለት ነው።

ሠ. በወላጆች ስብሰባ ሊነገር የሚገባው

ማብራሪያው ከውጤቱ በፊት፣ ከተቻለም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሊሰጥ ይገባል። ርእሰ መምህሩና የክፍል ኃላፊ መምህራን ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ለይተው ቢናገሩ መልካም ነው። አንደኛ፣ ልጁ ከመቶ ስንት እንዳገኘ፤ ይህ ስለ ልጁ ይናገራል። ሁለተኛ፣ የማለፊያው መስመር የት እንደ ሆነና ለምን እዚያ እንደ ተሠመረ፤ ይህ ስለ ውሳኔው ይናገራል። ሦስተኛ፣ ልጁ የተማረበት ትምህርት ቤት ተፈታኞች በጠቅላላው ምን እንዳገኙ፤ ይህ ስለ ትምህርት ቤቱ ይናገራል።

ከመስመሩ በታች የቀረ ተማሪ ወላጅ «አሁንስ ወዴት ይሂድ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከ2014 ዓ. ም. ተፈታኞች ጀምሮ ከ50 በታች ካገኙት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸው በተለምዶ ሪሚዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ተከታትለው፣ ዳግም ተፈትነው የሚገቡበት መንገድ ተከፍቷል። በግል ተፈታኝነት እንደ ገና መፈተንና ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ መግባትም አለ። እነዚህ መንገዶች በስብሰባው ላይ በስም ሊጠቀሱ ይገባል፤ «ወደቀ» የሚለው ቃል የመጨረሻው ቃል አይደለምና።

ከሦስቱ ነገሮች ለትምህርት ቤቶች የሚከብደው ሦስተኛው ነው። በ2014 ዓ. ም. ፈተና ከ1,100 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ወላጅን ስለ ልጁ ስንፍና ብቻ መናገር ከእውነት የራቀ ነው። ሁሉም የወደቁበት ክፍል ስለ መምህራኑ ዝግጅት፣ ስለ መጻሕፍቱ፣ ስለ ቤተ ሙከራውና በታችኛው ክፍል ስለ ተዘለለው ትምህርት የሚጠይቀው አለው። ከፍ ያለ መስመር ከተማሪው የሚፈለገውን በቁጥር ያሳያል። ለዚያ ተማሪ ምን ሊቀርብለት እንደሚገባ ደግሞ ወላጁ ከትምህርት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱም ከወረዳውና ከክልሉ ዕቅድ የመጠየቅ መብት አላቸው። ይህ ጥያቄ በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ተጽፎ ወደ ዕቅድ አውጪው ሲደርስ ማብራሪያው ሥራውን ጀመረ ሊባል ይችላል።