«ልጄ፣ ኦፕራሲዮን የምታደርገኝ አንተ ነህ?»

አውቶቡስ ተራ አጠገብ ቤት ያለው ሰው እንግዳ አያጣም። ከክፍለ ሀገር ከሚገቡት መንገደኞች መካከል ሪፈር ወረቀትና የራጅ ፖስታ በብብቱ ይዞ የሚወርድ አለ። መንገዱ ብዙ ጊዜ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ ነው። ሁለቱም የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ናቸው። ይህን ለበሽተኛው ማን ይነግረዋል?

የእናቴ ታላቅ እህት በሐሞት ጠጠር ምክንያት ከደጀን መጥተው አንድ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ማታ ወረቀት መጣ፤ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ተባለ፤ ልጃቸው ፈረመ። እሳቸውን የጠየቀ የለም። ጠዋት አንድ ወጣት ሐኪም ሲመጣ ትክ ብለው አዩትና «ልጄ፣ ኦፕራሲዮን የምታደርገኝ አንተ ነህ?» አሉት። አልዋሸም። ሬዚደንት መሆኑን፣ ሐኪም ሆኖ ቀዶ ሕክምና እየተማረ እንደሆነና ሲኒየሩ አብረውት እንደሚገቡ ነገራቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «እሳቸው ከጎንህ እንዳይርቁ» አሉ። ለእኔ እውነተኛው ስምምነት ይህ ነበር፤ የማታው ፊርማ አይደለም።

ሐኪሞች «ብንነግራቸው እምቢ ይላሉ፤ ታዲያ ማን ላይ እንማር?» ይላሉ። ስጋቱ ይገባኛል። የልጅ ልጆቻችንን የሚያክመው ዛሬ የሚማረው ነው። ማሚቱ ጋሼ ራሳቸው ታካሚ ሆነው አዲስ አበባ መጥተው፣ ከሃምሊን ባልና ሚስት ጎን ቆመው በሥራ ላይ ተምረው የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነዋል። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ገንዘብ ያለው በግል ክሊኒክ ሐኪሙን በስም ይመርጣል። የማስተማሩን ሸክም የሚሸከመው ከአውቶቡስ የወረደው ድሃ ነው። ይህን ያህል የሚሰጥ ሰው ቢያንስ ሊነገረው ይገባል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራም ሆነ ቀዶ ሕክምና አልቀበልም ሊል እንደሚችል ይደነግጋል። ያላወቀ ሰው ምኑን እምቢ ይላል? ደም እየፈሰሰው በሌሊት ስለገባ ሰው አላወራሁም፤ ቀጠሮ ተይዞለት ስለተኛው ነው።

ስለዚህ የምታስታምሙ ሁሉ፣ በሽተኛው ራሱ እየሰማ ጠይቁ። ቢላውን የሚይዘው ማነው? ሲኒየሩ ክፍሉ ውስጥ ይኖራሉ ወይስ በስልክ ነው የሚጠሩት? ነገሩ ቢከብድ ማን ይረከባል? ጠዋት ራውንድ ሲገቡ ሲኒየሩም ሬዚደንቱም አልጋው ዳር አብረው ስለሚቆሙ፣ ለጥያቄ የሚመቸው ያ ሰዓት ነው።