አዲስ ታኬታ በክረምት ይደረግን?

ሰኔ ገብቶ ሜዳው ጭቃ መሆን ሲጀምር በየዶርሚተሪው አንድ ክርክር ይነሣል። ዓመቱን ሙሉ ከኪሱ ቆጥቦ አዲስ ታኬታ የገዛ ተማሪ ጫማውን በክረምት ያድርገው፣ ወይስ በካርቶኑ እንዳለ እስከ መስከረም ያቆየው? አንዱ ወገን «ጭቃ ጫማ ይበላል፤ ለክረምት አሮጌው ይበቃል» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ጫማ የሚገዛው ሊደረግ ነው እንጂ አልጋ ሥር ሊቀመጥ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም የተማሪ ገንዘብና የተጫዋች ቁርጭምጭሚት ያሉበት ነውና ጥቂት ልንመረምረው ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ ታኬታ የሚመረጠው በአዲስነቱ ወይም በአሮጌነቱ ሳይሆን በሜዳው ዓይነት መሆኑ ነው። ለደረቅና ለጠንካራ ሜዳ የሚሠራው ታኬታ ከሶሉ ጋር አብረው የወጡ አጫጭርና ብዙ ጥርሶች አሉት። ለረጠበ ሜዳ የሚሠራው ግን ጥርሶቹ ጥቂትና ረዣዥም ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም እየተፈቱ የሚለወጡ ናቸው። ረዥሙ ጥርስ ጭቃውን አልፎ ከሥር ያለውን ጠንካራ አፈር ይይዛል፤ ጥርሶቹ ተራርቀው መተከላቸውም ጭቃው በመካከላቸው ተጠቅጥቆ እንዳይቀር ይረዳል። አጭር ጥርስ ግን ወዲያው በጭቃ ይሞላና ሶሉ እንደ ሰሌዳ ልሙጥ ይሆናል።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1954 በስዊዘርላንድ ከተማ በበርን የተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው። የሀንጋሪ ቡድን በዚያው ውድድር ቀደም ብሎ ምዕራብ ጀርመንን 8 ለ 3 ያሸነፈ ሲሆን፣ በፍጻሜውም ገና በ8 ደቂቃ ውስጥ 2 ለ 0 መርቶ ነበር። ዕለቱ ግን ዝናባማ ነበር። ጀርመኖቹ ያደረጉት አዲ ዳስለር የሠራውን፣ ጥርሱ እየተፈታ የሚለወጥ ታኬታ ስለ ነበረ ለረጠበው ሜዳ ረዥሙን ጥርስ አስገቡ። ጨዋታውም 3 ለ 2 በሆነ ውጤት በጀርመን አሸናፊነት ተፈጸመ። ድሉን ሁሉ ለጫማ መስጠት አይገባም፤ ነገር ግን በዚያ ቀን «ጫማችን ይበላሽብናል» ብለው አሮጌውን ቢያደርጉ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

እንግዲህ «ለክረምት አሮጌው ይበቃል» የሚለው አነጋገር የሚያስፈራን ከዚህ የተነሣ ነው። አሮጌ ስንል ብዙ ጊዜ ጥርሱ ያለቀውን ማለታችን ነው። ጥርሱ ያለቀ ታኬታ በደረቅ ሜዳ እንደ ምንም ያጫውት ይሆናል፤ በጭቃ ላይ ግን ባለቤቱን ያንሸራትታል። የተሸረፈ ጥርስም የተቃራኒን ተጫዋች እግር ይቈርጣል። ጫማ ለማዳን ሲሉ ጕልበትን ማጣት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ዓይነት ነው።

በአንጻሩ አዲሱን ጫማ ከካርቶን አውጥቶ በቀጥታ ወደ ውድድር መግባትም ሌላ ስሕተት ነው። አዲስ ጫማ የእግርን ቅርጽ ገና አልለመደም፤ ተረከዝንና ጣትን ይልጣል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ማራቶን በባዶ እግሩ የሮጠው የሞከረው አዲስ ጫማ ስላልተስማማው ነበር። በባዶ እግሩም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። ከ4 ዓመት በኋላ በቶኪዮ ግን ጫማ አድርጎ፣ ከሮሙ ባነሰ ጊዜ፣ ዳግመኛ አሸናፊ ሆነ። እንግዲህ ጠላቱ ጫማ አልነበረም፤ እግር ያልለመደው ጫማ እንጂ። አዲስ ጫማና የመጀመሪያ ግጥሚያ በአንድ ቀን ሲገናኙ ሰኔና ሰኞ ገጠመ ማለት ነው። ስለዚህ ጫማውን በግንቦት፣ ሜዳው ሳይረጥብ፣ ሦስት አራት ቀን በቀላል ልምምድ ማለማመድ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃት እንምጣ። ለመሆኑ ዝናብ ጫማ ያበላሻልን? ቆዳ ኮላጅን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ ቀጫጭን ክሮች ጥርቅም ነው፤ ክሮቹን የሚያለሰልሰውም በፋብሪካ የሚጨመርበት ቅባት ነው። ቆዳ ሲረጥብ ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል፤ ይህ ብቻውን አይገድለውም። የሚገድለው ከጨዋታው በኋላ የምናደርገው ነገር ነው። የረጠበ ቆዳ ከደረቅ ቆዳ ይልቅ በሙቀት ቶሎ ይኰማተራል፤ ስለዚህ ጫማን በከሰል ምድጃ አጠገብ የሚያስቀምጥ ወይም በጠራራ ፀሐይ የሚያሰጣ ሰው በማግሥቱ የደረቀና የተሰነጠቀ ጫማ ቢያገኝ አይደነቅ። ሙቀት ሶሉን የያዘውን ማስቲሽም ያላቅቀዋል። ሰው ሠራሽ ጨርቅ የሆነው ታኬታ ውሃ እምብዛም ባይመጥም ማስቲሹ ያው ማስቲሽ ነውና ከዚህ ሕግ አይወጣም።

ደግሞም ማስቀመጥ ሁልጊዜ ማዳን አይደለም። በእርጥብ ክፍል ውስጥ ታሽጎ የከረመ ቆዳ ይሻግታል። ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ነገር የተሠራ ስፖንጅ መሰል ሶል ደግሞ ሳይደረግ እንኳ በአየር እርጥበት ብቻ በዓመታት ውስጥ እየፈረሰ ይሄዳል። በካርቶን ውስጥ ያለ ጫማም ያረጃል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ እንዲህ ነው። ሁለት ጫማ ያለው ሰው፣ አሮጌው ጥርሱ ደኅና ከሆነ፣ በእርጥብ ሜዳ ለልምምድ አሮጌውን፣ ለግጥሚያ አዲሱን እያፈራረቀ ያድርግ፤ እያንዳንዱ ለመድረቅ ጊዜ ያገኛል። አንድ ብቻ ያለው ግን ሳይሳቀቅ ያድርገው፤ ብቻ ከጨዋታ በኋላ አራት ነገር አይርሳ። አንደኛ፣ ጭቃውን ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃና በብሩሽ ማጠብ፤ ሁለተኛ፣ ውስጡን በጋዜጣ ወረቀት ሞልቶ ወረቀቱ ሲርስ መለወጥ፤ ሦስተኛ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ማድረቅ፤ አራተኛ፣ ቆዳ ከሆነ ሲደርቅ ቅባት መቀባት። ለዚህ የሚያስፈልገው ሩብ ሰዓት ያህልና ያለፈ ሳምንት ጋዜጣ ነው።

ይህን ሩብ ሰዓት የሚሰስት ሰው ጫማውን ለመስከረም ቢያቆየውም አይጠቀምም፤ የመስከረም ሜዳም ጭቃ አያጣውምና።